ባዶ የተባለ ቤት

«መንቀሳቀስ የማይችሉት እዚያው ቤታቸው ይቆዩ። በራቸው ላይ ጨርቁ ይታሰር፣ አለቀ» ሲል የሰማችው የገዛ ወንድሟን ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ መጋረጃ ኋላ ተንበርክካ የወደቀባትን መርፌ ስትፈልግ ነበር። ወንድሟ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ውጭ ደረጃው ላይ ቆሞ ከጎረቤቷ ከባለሱቁ ጋር ይመካከራል። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህትህ ብትሰማስ?» አለው። «ለእሷ እኔ እነግራታለሁ» አለ ወንድሟ። ከዚያ ስለ ስኳር መወደድ አወሩ፤ ባለሱቁ ስለ ስኳር ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያዝነው ለራሱ ነው። መርፌው ከተገኘ ቆይቷል። እሷ ግን ሁለቱ እስኪሄዱ ድረስ እንደተንበረከከች ቀረች።

ጨርቆቹን የቆረጠቻቸው እሷ ናት፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው። ከከተማው አስተዳደር የመጣች የአደጋ መከላከል ባለሙያ፣ ወንዙ ሲሞላ ሰፈሩ እንዴት ነፍሱን ይዞ እንደሚወጣ ስታስተምር ሰንብታ ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ይደረጋል። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ሰው ሁሉ ቤቱን ለቅቆ፣ በደረጃው መንገድ ላይኛው የትምህርት ቤት ሜዳ ይወጣል። ከቤት መጨረሻ የሚወጣው ሰው የበሩ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ እዚህ ጊዜ አታጥፉ ማለት ነው። ጨርቅ የሌለበትን በር ግን የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ከፍተው መግባት ግዴታቸው ነው። ደግ ሕግ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስትሰማው ወዳው፣ የአንሶላ ጨርቅ በጣቃ አስመጥታ፣ የክር ዋጋ ጣሪያ በነካበት ሰሞን ከራሷ ክር ዳር ዳሩን ዘምዝማ ለየቤቱ አደለች። የታሰረ ጨርቅ እንዳይተረተር ብላ ነው የተጨነቀችው። ለምን ዓላማ እንደሚታሰር መጨነቅ እንዳለባት ማን ነግሯት።

ሱቋን ዘግታ ቤት ስትገባ አባቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ጠበቋት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ መንገዳቸው ከዚህ አልጋ እስከዚያ መስኮት ነው፤ ሰፈርተኛው ግን እስከ ዛሬ «ሾፌሩ» ነው የሚላቸው። «ነይ፣ ጺሜን ላጪኝ» አሉ። «ሰው ፊት ነው የምወጣው። ሰማያዊውን ሸሚዝ አውጪልኝ። ጫማዬንም ጥረጊው፣ አቧራ ጠጥቷል።» ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በደረጃው መንገድ ግርጌ፣ ወንዙ አፍንጫ ሥር። አልጋው በብሎኬት ላይ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ፣ ያለፈው ክረምት ውኃ የደረሰበት ቡናማ መስመር አለ፤ ሁለት ጊዜ ቀለም ብትቀባውም ገፍቶ ይወጣል። ያን ቀን አባቷን ጎረቤቶች ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅለዋቸው ነው የተረፉት። እሳቸው ሲያወሩት፣ «ሻንጣ ሆኜ አደርኩ» ይላሉ፤ ሰው ይስቃል፣ እሷ አትስቅም። የሰማችውን ሳትነግራቸው አረፋውን ቀባችና ምላጩን ጉንጫቸው ላይ አስኬደች።

ወንድሟ የድምፅ ማጉያውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሻይ ቀዳችለት። ወንድሟ ሻዩን አማሰለ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው። አባትየው ወደ ጫማቸው እያዩ፣ «ለመሆኑ የሚሸከመኝ ማነው? ጎበዝ ጎበዙን ምረጥልኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ቀላል አይደለሁም» አሉት። ወንድሟ ቀና ሳይል፣ «ሰው ይመጣል አባባ፤ እርስዎ ብቻ ዝግጁ ሆነው ይጠብቁ» አለ። ልብስ ሰፊዋ ኩባያውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ደጅ ወጣች፤ እሱም ተከትሏት ወጣ።

«ማንም እንደማይመጣ ታውቃለህ» አለችው።

«ስሚኝ። የተሰጠን ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ ከወጣን የወንዙ ግንብ ከእኛ ሰፈር ይጀመራል። ካቃተን ለማዶው ሰፈር ነው፣ እኛ ደግሞ ወረፋ እንጠብቃለን። ግንቡ ቢቆም አባባ ከአልጋቸው መነሣት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ለማን ብዬ የምለፋ ይመስልሻል?»

«ግንቡ እስኪቆምስ?»

«እስኪቆም እኔ አለሁ።»

«ባለፈው ክረምትም ነበርክ፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

ያን ቀን እሱ በከተማው ሌላ ጫፍ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲደርስ ውኃው ጎድሎ፣ አባቱ ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርደው ነበር። ክፋቱ ደግሞ ስለ ግንቡ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ውሸታም ቢሆን፣ ሌባ ቢሆን፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር የሚሞዳሞድ ቢሆን ነገሩ በቀለላት፤ ሰድባው ትገላገል ነበር። ወንድሟ ግን ለዚያ ግንብ ስንት ቢሮ ደጅ እንደጠና፣ ስንት ቀን ምሳውን ሳይበላ እንደዋለ ታውቃለች። ቢሆንም ለአባቱ «ሰው ይመጣል» ያለበት ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሕፃን ልጅ መርፌ ሊወጋ ሲወሰድ እንዲያ ነው የሚባለው።

ማስጠንቀቂያው የጮኸው ሰው ምሳውን በልቶ ገና ሳይደላደል ነው። ልብስ ሰፊዋ የታችኛውን ረድፍ ሰዎች ቀድማ እንድትመራ ተመድባለች፤ ራሷ የሰፋችውን ቢጫ ሰደርያ ለብሳ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ሰፈሩ ከኋላዋ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ የመኪና ባትሪ ታቅፏል። አንዷ ድመቷን በዘንቢል ይዛለች። አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ ቴሌቪዥኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ይዛዋለች። «እትዬ፣ ልምምድ እኮ ነው» ሲሏት፣ «እኔስ መሸከም እየተለማመድኩ አይደል?» አለችና ሰውን ሁሉ አሳቀችው። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። ስትስቅ ሳለ ሐሳቡ መታት፤ ቴሌቪዥን በሚወጣበት ደረጃ ላይ አባቷ የማይወጡበት ምን ምክንያት አለ? ዞር ብላ ወደ ታች አየች። ረድፉ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኗል። በእነሱ ቤት ደጅ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ የበሩ እጀታ ላይ ጨርቁን ያስራል። አንድ ጊዜ ቋጠረ፣ ደገመው፣ እንዳይፈታ ሳብ አድርጎ ሞከረው፣ ከዚያ ፊቱን ሳያዞር በጎን መንገድ ወደ ሜዳው ሮጠ።

ሰውን እየገፋች ወረደች። «ወዴት ነው? መንገዱ ወደ ላይ ነው እኮ» የሚላት ብዙ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ የአባቷ ድምፅ ተሰማ። «ማነው? መጣችሁ? እኔ ጫማዬንም አስሬያለሁ።» ቋጠሮው ጠብቆ ነበር። አንገቷ ላይ መቀስ ተንጠልጥሏል፣ ግን በእጇ የዘመዘመችውን ጨርቅ መቁረጥ አስጠላት፤ በጥፍሯና በጥርሷ ታግላ ፈታችው። «መጥተናል አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለች። ይህን ያለችበት ድምፅ ለራሷም አዲስ ነበር። እሳቸውን ብቻዋን መሸከም እንደማትችል ታውቃለች። ግን መሸከም የሷ ሥራ አይደለም፤ ጨርቅ የሌለበትን በር የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፣ ሕጉ ሲነበብ ሰፈሩ ሁሉ አጨብጭቧል። የሚያስፈልገው በሩ እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነው።

የሚቀጥለው በር የጡረተኛዋ መምህርት ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጃቸው ልምምዱ እስኪያልቅ ድምፅ እንዳያሰሙ አስጠንቅቃቸው ወጥታለች። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ስትፈታ ከውስጥ በሹክሹክታ፣ «ማነሽ? እኔ እኮ የለሁም ተብያለሁ» አሉ። «አሁን አሉ፣ እማማ» አለቻቸውና አለፈች። ቀጥሎ ሆዷን በቀዶ ሕክምና ተከፍታ የወለደች፣ ጎንበስ ማለት እንኳ የማትችል ሴት አለች። ከዚያ የበያጁ እናት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ በር፣ ሌላ በር። የትኛው ቤት ውስጥ ማን እንደተኛ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የሁሉንም የአልጋ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ጨርቆቹን ክንዷ ላይ እየደረበች ስትሄድ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ቃሬዛቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። አለቃቸው ረድፉን አየና ቆመ። «እነዚህ በሮች ጨርቅ የላቸውም። ሰው አለ ማለት ነው?» «በየአንዳንዱ» አለችው። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ሰዎቹን በየበሩ መደበና ከረድፉ ሌላ ጫፍ ጀምሮ በሮቹን አስከፈተ።

ወንድሟ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ መጣ። ክንዷ ላይ የተደረበውን ሲያይ ሁሉም ገባው። ፊቱ አመድ ሆነ። «ግንቡን አሳጣሽን። የሰፈሩን ግንብ!» አለ፤ የድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር ቃሉ ሸለቆውን ዞሮ ተመለሰ። ደንግጦ ዘጋው። እሷ ከክንዷ ላይ አንዱን ጨርቅ መዝዛ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እንካ፣ መልሰህ እሰረው። አልከለክልህም። ግን በሩን ከፍተህ፣ የአባባን ዓይን እያየህ እሰረው።»

የአባታቸው ደጅ ደርሰው በሩን የከፈተው እሱ ነው። ለምን እንደከፈተው ኋላም ራሱ አያውቅም፤ ምናልባት ልታስፈራራኝ አትችልም ብሎ ይሆናል። አባትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ተላጭተዋል፣ ሰማያዊው ሸሚዝ እስከ አንገት ተቆልፏል፣ የተወለወለውን ጫማ ያጠለቀው እግራቸው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተስተካክሎ አርፏል። በሩ ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል። «በሬ ላይ ነጭ አሰርክ አሉ» አሉት በዝግታ። «ምነው ልጄ፣ በቁሜ ገነዝከኝ? በቁሜ እንዳልል እንኳ መቆም አልችል።» እንደ ልማዳቸው ቀልድ ሊያደርጉት ነበር፣ ግን ከንፈራቸው እንቢ አላቸው። ወንድሟ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ እንደ ሌባ በግድግዳው ጥግ ጥግ ወጥቶ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

ሠራተኞቹ አባቷን ቃሬዛ ላይ አድርገው ደረጃውን ጀመሩ። ከባለሱቁ ደጅ ያለው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቃሬዛው አልዞር አለ፤ ባለሱቁ የለስላሳ ሣጥኖቹን እስከ መንገዱ ወገብ ደርድሮታል። ሰው ሲያልፍ በጎኑ እየተሽሎከሎከ ለምዶት ነው እንጂ መንገዱ ተበልቶ ካለቀ ቆይቷል። «ንብረት ነው፣ በሥርዓት አንሡት» እያለ ባለሱቁ ከላይ ተንደርድሮ መጣ። ሠራተኞቹ በሥርዓት አላነሡትም። አባትየው ግን ደልቷቸዋል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መንገድ ላይ ናቸው። «መሪውን ወደ ግራ ሙሉውን ስበር» አሉት የፊተኛውን ሠራተኛ። «አሁን ኋላህን ክፈት። ተው፣ ተው፣ አትቸኩል፣ ኋላው ይበላሃል። እንዲህ ነው።» ሠራተኞቹ እየሳቁም እያላቡም ታጠፉ። ቀጥሎ መምህርቷ በአንድ ሠራተኛ ክንድ ተይዘው፣ ከኋላ አራሷ፣ ከዚያ የተቀሩት። ቃሬዛ ሁለት ብቻ ስለነበር የበያጁ እናት ከነወንበራቸው ወጡ።

ሜዳው ላይ የተሰጠው ጊዜ አልቆ ነበር። ይህን በኋላ የነገረቻት ቴሌቪዥን የታቀፈችው ጎረቤቷ ናት። ባለሙያዋ ሰዓቷን አይታ ወንድሟን፣ «ሁሉም ወጥቷል?» ትለዋለች። ከሣጥኖቹ የተመለሰው ባለሱቁ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ «ወጥቷል በል፣ ማን ያጣራል?» ይለዋል። ወንድሟ የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ደረጃው ዞረ። ከዚያ፣ «አልጨረስንም» አለ። «አባቴ ገና ደረጃው ላይ ናቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ከመጨረሻው ሰው ጋር ሜዳው ላይ ስትደርስ ማጉረምረም ጠበቃት። አንዱ ከኋላ፣ «ግንባችንን በላሽው፣ ደስ ይበልሽ» አላት። ሌላው ለልጆቹ ሲል እንደሚረግማት ተናገረ። ሰውን ፈርታ እንደማታውቅ አይደለም፤ ሱቋ በሰው ነው የምትኖረው፣ ነገ ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ የሚመጣው ይኸው ሕዝብ ነው። ግን አባቷ ቃሬዛው ላይ ሆነው ሰማይ ሰማዩን እያዩ ነበር፣ እንደ አዲስ ዕቃ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ጮክ ብላ። «ጨርቆቹን የፈታሁ እኔ ነኝ፣ ነገም እፈታቸዋለሁ። ወንዙ ሲመጣ እናንተ ቴሌቪዥኑን ያዙ። እኔ ሰው እይዛለሁ።» ባለ ቴሌቪዥኗ ዕቃዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

ባለሙያዋ ውጤቱን ሳትሸፋፍን ተናገረች። ልምምዱ በተሰጠው ጊዜ አልተጠናቀቀም፣ ስለዚህ ግንቡ በዚህ ዙር ከማዶው ሰፈር ይጀመራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ልምምድ ይኖራል። «ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ያሉትን ጨርቆች ትክ ብላ አየቻቸው። «ሌሎቹ ሰፈሮች በሙሉ ግን በሃያ ደቂቃ ነው የጨረሱት» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። መምህርቷ ድምፁ ወደ መጣበት ዞሩና፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ዛሬውኑ ሄደሽ በራቸውን አስከፍቺ» አሏት። ባለሙያዋ ሰደርያዋን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰችው፣ ሾፌሯንም ጠርታ ወዲያው ሄደች።

አመሻሹ ላይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ከሱቅ ወደ ቤት አስመጥታ መስኮቱ ሥር አቆመችው። ሱቁን ስትዘጋ ባለሱቁ ሣጥኖቹን መልሶ እየደረደረ ነበር፤ አላናገራትም። ሦስት ደንበኞች በልጅ ልከው ያልተሰፋ ጨርቃቸውን አስመልሰዋል። ሲቀጥልስ ምን ትበላለች? ይህን እያሰበች ነጫጮቹን ጨርቆች ጎን ለጎን አጋጥማ ትሰፋለች፤ ድርብ ስፌት፣ ከሥሩ ደግሞ የሻንጣ ማሰሪያ ጠፍር። ወፍራሙን ክር አስገብታለች። አባቷ ሸሚዛቸውን አላወልቅም ብለው አልጋው ላይ ተደግፈው ያይዋታል። «ምንድነው እሱ?» ቢሏት፣ «አንቀልባ» አለቻቸው። «ለማን?» «ለእርስዎ።» አባትየው ትንሽ አሰቡና፣ «ጠንከር አድርገሽ ስፊው እንግዲህ» አሉ።

ወንድሟ ሳያንኳኳ ገባ። የድምፅ ማጉያው የለም። መዳፉ ተልጧል፣ ሸሚዙ ላይ የለስላሳ ሣጥኖቹ አቧራ አለ፤ ከውጭ ደግሞ ባለሱቁ ሣጥኖቼ ከመንገድ ተነሡ እያለ፣ ማንን እንደሚሰድብ ሳይናገር ይሳደባል። ወንድሟ አልተቀመጠም። አባቱን አላየም፣ እህቱንም አላየም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቡናማ መስመር ያይ ነበር። የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ይቅርታ እንዲል አልጠበቀችም፣ ቢልም አሁን የምትቀበልበት አንጀት አልነበራትም። ጠፍሩን ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከኋላው ሄደችና ከትከሻ እስከ ወገብ ለካችው። ደረቱ ላይ ማዞር ፈለገች፣ እጁ ግን ከጎኑ ተጣብቆ ነበር።

«እጅህን አንሣ» አለችው።

ሁለቱንም አነሣ።